ለእናትሽ ጉልበት፦ አራቱንም ሕክምና የሞከርኩት እኔ የምልሽ

እህቴ፣ አብሽሪ። እናትሽ 61 ዓመቷ ነው፣ ራጅ ተነስታ «የጉልበቷ ልምአጥንት (አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚሸፍናቸው ለስላሳው ክፍል) ተሸርሽሯል» ተብላለች፣ አንቺ ደግሞ መብራት፣ ከረንት፣ ማሳጅ ወይስ ስፖርት ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አራቱንም ሞክሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ 27 ዓመት ቆሜ ያስተማርኩ የደሴ ሴት ነኝ።

የኔ የጀመረው ቁልቁለት ላይ ነው። ደሴን ታውቂያታለሽ፣ ሜዳ የላትም። ዳገቱን እንደምንም እወጣለሁ፤ ከሰኞ ገበያ ዘንቢል ይዤ ስመለስ ቁልቁለት ላይ ግን ቀኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። ጠዋት ደግሞ ግትር ይላል፣ እስኪፈታ ግድግዳ ይዤ ነው የምራመደው።

መጀመሪያ መብራትና ከረንት ለዐሥር ቀን ታዘዘልኝ። ጋደም ትያለሽ፣ ቀዩ መብራት ጉልበትሽ ላይ ይበራል፣ ቀጥሎ ትንንሽ ልጣፎች ይለጠፉና ይነዝርሻል። ሙቀቱ ደስ ይላል፣ አልዋሽሽም። ባጃጅ እስክይዝ ድረስ ቀለል ይለኛል። በማግስቱ ግን እዚያው ነኝ። በዐሥሩም ቀን «ቤትሽ ይህን እንቅስቃሴ ሥሪ» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ ጊዜ ጭኔ እየሰለለ ነበር። በኋላ ነርስ የሆነችው ልጄ ስታነብልኝ የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ያንን ነዛሪ፣ ቴንስ የሚሉትን፣ ለጉልበት አትጠቀሙበት ብሎ አጥብቆ መክሯል። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ናይስም በ2022 ቴንሱንም በድምፅ ሞገድ የሚያክሙበትን አልትራሳውንድም ለዚህ ሕመም አታቅርቡ ብሏል። ሙቀት ከፈለገች ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረሽ ቤት አድርጊላት። ስኳር ካለባት ግን ሙቀቱን አንቺ ለኪላት፣ እግሯ ላይሰማው ይችላል።

ማሳጁ ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ወጌሻ በቅቤ አሽቶ ሲያጣምመኝ ጉልበቴ አብጦ ሳምንት ተኝቻለሁ፤ እናትሽን እዚያ አትውሰጃት። ባለሙያ ቀስ አድርጎ በእጁ ሲያሳስበው ሌላ ነገር ነው፣ ያፍታታል። ግን ከስፖርቱ ጋር እንጂ ብቻውን አይበቃም።

ከዚያ «የደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ውረጂ» አሉኝ። ወርጄ እህቴ ቤት ሁለት ወር ተቀመጥኩ። ሞቃቱ አየር የጠዋቱን ግትርነት አላላልኝ፣ ከዚያ በላይ ግን አላደረገም። የጠቀመኝ እዚያ ያገኘሁት አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው። አልጋ ላይ አላስተኛኝም። ወንበር ላይ አስቀምጦ «እናቴ፣ እጅዎን ሳይደገፉ ይነሱ» አለኝ። ሁለቴ ተነሳሁ፣ ሦስተኛው ላይ ቀረሁ። «ጉልበትዎን የሚሸከመው የጭን ጡንቻ ነው፣ እሱ ደክሟል» አለኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሥራው ቀላል ነው። ቁጭ ብለሽ እግርሽን ዘርግተሽ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበትሽ ሥር ታደርጊያለሽ፣ ፎጣውን ወደ ታች ተጭነሽ እስከ አምስት ትቆጥሪያለሽ፣ ዐሥር ጊዜ። ከዚያ በጀርባሽ ተኝተሽ አንዱን እግር አጥፈሽ ሌላውን ሳታጥፊ ወደ ላይ ማንሳት። ከዚያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ሲጠነክሩ ደግሞ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያማል፣ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚያ ላይ ነው። እኔ የተነገረኝ ሕመሙን ከዐሥር ስትለኪው እስከ አምስት ቢደርስና በማግስቱ ወደነበረበት ቢመለስ ቀጥዪ፣ ካልተመለሰ ቁጥሩን ቀንሺ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ልዩነቱ ተሰማኝ። በሦስተኛው ወር ደሴ ተመልሼ ቁልቁለቱን ያለ ድጋፍ ወረድኩ። ራጄ ያው ነው፣ ልምአጥንቱ አልተመለሰም፤ እኔ ግን እሄዳለሁ።

መርፌውንም ብዙ ሰው ይመክርሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባል የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት 156 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሹ የስቴሮይድ መርፌ፣ ግማሹ ፊዚዮቴራፒ ወስደው ነበር፤ ከዓመት በኋላ ሕመማቸው ያነሰውና የተሻለ የተንቀሳቀሱት ፊዚዮቴራፒ የወሰዱት ናቸው።

ክብደቷ ከበዛ እሱንም ያዢ። አንድ ኪሎ ስትቀንሺ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ከሻይ ስኳር፣ ከማታ እንጀራ ግማሹን ትቼ ከ86 ወደ 79 ወርጃለሁ። ከዘራ ከያዘች በደህናው እግር በኩል ትያዝ፣ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል። ደረጃ ስትወጣ ደህናው ይቅደም፣ ስትወርድ የታመመው። ሶላት የምትሰግድ ከሆነ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስገድ፣ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ቡና ስታፈላም ዱካውን ትታ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጥ።

ጉልበቷ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት ከመጣ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋም ካለ ስፖርቱን ትታ በዚያው ቀን ሐኪም ትይ።

አሁን እጇን ሳትደገፍ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ቆጥረሽ ጻፊልኝ፣ ከየት እንደምትጀምር እነግርሻለሁ። ያረብ ይማርልሽ።