የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ መብራትና ስለ ምጣድ

ጥያቄ፦ ከስድስት ዓመት በፊት የገዛሁት ማቀዝቀዣ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ማቀዝቀዙን አቁሟል። የመጣው ጠጋኝ ሁሉ «ጋዙ አልቋል» ይልና ሞልቶልኝ ይሄዳል፤ ሁለት ወር ያህል ይሠራና መልሶ ይሞቃል። ልጆቼ «ይጣልና አዲስ ይገዛ» ይላሉ። ምን ይሻለኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በኮምፕረሰሩ፣ ማለትም በማቀዝቀዣው ሞተር፣ ተጨምቆ ይግላል፤ ከኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ሙቀቱን ለቆ ፈሳሽ ይሆናል፤ በበረዶ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ እየተነነ ሙቀት ይስብና ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። ቧንቧው የታሸገ እስከሆነ ድረስ ያው ጋዝ ይህን ዙር ለብዙ ዓመታት ይደጋግማል። ጎደለ ከተባለ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላትም በቀዳዳ እንስራ ውኃ ከመቅዳት አይለይም። ሦስት ጊዜ የከፈሉት ገንዘብ የወጣው እንዲሁ ነው።

በደብዳቤዎ ያልገለጹልኝ አንድ ነገር አለ፤ በረዶውን የሚያነሡት በምንድን ነው? በብዙ ቤት የማየው ጉዳት የሚመጣው በረዶ በቢላ ከመፈንቀል ነው። የበረዶ ቤቱ ግድግዳ ቱቦው ያለፈበት ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ በጥቂት ግፊት ይበሳል። ሶኬቱን ነቅለው፣ በሩን ከፍተው፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ድስት በበረዶ ቤቱ ውስጥ በፎጣ ላይ ቢያስቀምጡ በረዶው በራሱ ጊዜ ይለቃል።

አሁን የሚጠሩት ባለሙያ ቀዳዳውን በሳሙና አረፋ ወይም በመሣሪያ ፈልጎ ይድፈን፤ የእርጥበት ማጣሪያውን ይቀይር፤ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይምጠጥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በማሽኑ ጀርባ የተጻፈውን የጋዝ ዓይነት በተጻፈው መጠን በሚዛን ይሙላ። ጽሑፉ «አር 600 ኤ» የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ መጠኑም በግራም የሚቆጠር ትንሽ ስለሆነ በግምት አይሞላም፤ ቧንቧ በእሳት የሚበየድ ከሆነም መስኮቱ ይከፈት። «አር 134 ኤ» ከሆነ ሌላ ጋዝ ነውና አንዱ በሌላው አይተካም። ኮምፕረሰሩ ደኅና ከሆነ፣ ስድስት ዓመት ለማቀዝቀዣ እርጅና አይደለምና እኔ ብሆን አልጥለውም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ልንጋባ ነው፤ ባሕር ዳር ቤት ተከራይተናል። የትኛው የማቀዝቀዣ ብራንድ ዘላቂ ነው? ስታቢላይዘርስ የግድ ያስፈልጋል ወይስ የነጋዴ ወሬ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በብራንድ ስም አልመልስላችሁም፤ አንድ ፋብሪካ ጠንካራም ደካማም ማሽን ያወጣልና። ሱቅ ስትገቡ በመጀመሪያ የምትጠይቁት የበሩ ጎማ፣ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትና የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ በከተማው ይገኝ እንደሆነ ይሁን። እኔ ራሴ ባለሙያ ሆኜ ሳለሁ በሩ ላይ መብራት የሚበራበት ማቀዝቀዣ አምሮኝ ገዝቼ ነበር፤ ቦርዱ በተቃጠለ ጊዜ መለዋወጫውን አራት ወር ጠብቄያለሁ፤ በዚያን ጊዜ ውስጥ ማሽኑ ለባለቤቴ የሳሕን ማስቀመጫ ከመሆን ሌላ ጥቅም አልሰጠም።

ስለዚህ ለጀማሪ ቤተሰብ የምመርጠው በረዶው በእጅ የሚነሣውን፣ በሚዞር ቁልፍ የሚስተካከለውን ቀላል ማቀዝቀዣ ነው። በግድግዳው ላይ በረዶ የማይጋገርበት («ኖ ፍሮስት») ዓይነት ይመቻል፤ ነገር ግን ማራገቢያ፣ ማሞቂያና መቆጣጠሪያ ስለሚጨመርበት የሚበላሸው ክፍል ይበዛል። ኢንቨርተር የተባለው፣ የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ የሚለዋውጠው፣ በእርግጥ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ቦርዱ ግን ውድ ስለሆነ የሚችለው የቮልቴጅ መጠን ከየት እስከ የት እንደሆነ መለያው ላይ ሳታነቡ አትግዙ። መለያው ላይ የአየር ጠባይ ምልክትም አለ። «ኤን» የሚለው የክፍሉ ሙቀት እስከ 32፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ሲደርስ የሚሠራ ነው። ለባሕር ዳር «ኤስቲ» ይበቃል፤ ዘመድ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ካላችሁ ግን «ቲ» እንዲገዛ ንገሩት።

ስታቢላይዘር፣ ማለትም ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ የነጋዴ ወሬ አይደለም። ኮምፕረሰር ሲነሣ የሚስበው ኃይል በሥራ ላይ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቮልቴጁ ከ220 በጣም ከወረደ ሞተሩ ለመዞር እየታገለ መነሣት ያቅተዋል፤ በዚያው ልክ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይግላል፤ ይህ ሲደጋገም ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስም ሌላ ችግር አለ፦ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ሞተሩ ከባድ ጫና ላይ እንዲነሣ ይገደዳል። ስለዚህ የምትገዙት ስታቢላይዘር መብራት ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ይሁን፤ አቅሙም ለተራ የቤት ማቀዝቀዣ ከ1000 ቪኤ (ቮልት አምፔር) ባያንስ ይመረጣል። እስክትገዙ ድረስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ አምፖሉ መንቦግቦጉን እስኪተው ጠብቃችሁ ሰኩት። መብረቅን ግን ስታቢላይዘር አይመልስም፤ በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ መንቀል ነው።

ማቀዝቀዣው በአይሱዙ ተጋድሞ ከመጣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ይቆይ፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ከኋላ ያለውን ቱቦ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአቧራ አጽዱ። የበሩን ጎማ ለመፈተን የብር ኖት በበሩ መካከል ዘግታችሁ ሳቡት፤ ሳይይዝ ከወጣ ጎማው ደክሟልና ሞተሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ከዚህ ትልቅ ማቀዝቀዣ በኮንቴይነር ልልክላት ነው። ትራንስፎርመር አብሬ ብልክ ይሠራል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይላኩ። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርዳል፤ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ግን አይነካውም። አሜሪካ 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ስለሆነ ለዚያ የተሠራ ተራ ሞተር እዚህ በዝግታ ይዞራል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከሳዑዲ ዓረቢያ ዕቃ የሚያመጡ ወገኖችም ይህን ልብ ይበሉ፤ እዚያም ድግግሞሹ 60 ነው። በመለያው ላይ «50/60» የሚል ካለ ችግር የለም። ለእናትዎ የኮንቴይነሩን ገንዘብ ቢልኩላቸው፣ መለዋወጫው እዚሁ የሚገኝ ማቀዝቀዣ ከነስታቢላይዘሩ ይገዙበታል።

ጥያቄ፦ እንጀራ በጋገርን ቁጥር ሶኬቱ ይግላል፤ አሁን ደግሞ ጠቁሯል። ምጣዱን እንቀይር? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጥፋቱ የምጣዱ አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይፈጃል፤ ይህ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነውና አንድ ተራ ሶኬት ከሚችለው ጫፍ ላይ ይደርሳል። መያዣው ትንሽ ከላላ መጥቆር፣ ቀጥሎም መቅለጥ ይመጣል። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ ለምጣድ ብቻ የሚውል ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ያስዘርጉ፤ ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አይጠቀሙ። ባለሙያው የመሬት ሽቦውን ይፈትሽ፤ ሊጥ በነካ እርጥብ እጅ አክንባሎ የሚያነሣ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የመሬት ሽቦው ነው። ሸክላው እስካልተሰነጠቀ ድረስ በጎመን ዘር እያሰሱ ይቀጥሉበት፤ ሶኬቱ እስኪቀየር ግን በዚያ መስመር አይጋግሩ።