ጎመኑን ማን ይብላው? ስለ ትምህርት ቤት ጓሮ የጠየቃችሁን

መስከረም ከጠባ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት የምትልኩት ጥያቄ በዝቷል። አብዛኛው ከሰሜን ሸዋ ነው፤ ግማሹ ብርድ ይፈራል፣ ግማሹ ሙቀት። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል የሚያነጋግሩትን መርጫለሁ።

«ደብረ ብርሃን የኦ ክፍል አስተማሪ ነኝ። አምና ከልጆቹ ጋር የተከልነው ድንች ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። ‹ማን አቃጠለው?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ዘንድሮ ምን እንትከል?»

ያቃጠለው ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሁሉ ይለቃል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ጓሯችሁ ግቢው ታች ጥግ ላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሪ።

ድንችና ቲማቲም ውርጭ አይችሉም። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመንና ሐበሻ ጎመን ግን ይከርማሉ። ለማንኛውም ልጆቹ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት መደቡን ገለባ ወይም ጆንያ ያልብሱት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይግለጡት። ድንች ካማራችሁ አንድ መደብ ሞክሩና አንዱን እግር ሳታለብሱ ተዉት። ጠዋት ያልለበሰውንና የለበሰውን ራሳቸው ያወዳድሩ። ያን ጊዜ «ማን አቃጠለው?» ለሚለው መልሱን ከእነሱ ትሰሚያለሽ።

«ከመንዝ ነው የምጽፈው። ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ከአፈር እንዲወጣ ነው። መኮትኮት ከእኔ ይማራል። እዚያም ሄዶ አፈር ያስነኩታል። ይሄ ትምህርት ነው?»

ጋሼ፣ ቅሬታዎ ገብቶኛል። እውነት ለመናገር፣ ዱሮ እርሻ ይባል የነበረው ክፍለ ጊዜ ብዙ ቦታ ጉልበት ነበር። ያረፈደ ይቆፍራል፣ የረበሸ ውሃ ይቀዳል። የልጅዎም ትምህርት ቤት እንዲህ ከሆነ ዝም አይበሉ፤ የወላጅ ስብሰባ ላይ ይናገሩ። በቅጣት ቆፍሮ ያደገ ልጅ አፈር ቢጠላ አይፈረድበትም።

በደንብ የተያዘ ጓሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ባቄላ ባረፈበት መሬት ገብስ ሲዘሩ አዝመራው እንደሚያምር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጅዎ ለምን እንደሚያምር በዓይኑ ማየት ይችላል። ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንዱን እግር ዙሪያውን ቆፍሮ ከነሥሩ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። አፈሩን በውሃ ያለቀልቁታል። ሥሩ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉም፣ ከዚያ ተለቅ ያሉም እባጮች ተለጥፈዋል። አስተማሪዋ አንዱን በጥፍሯ ስትሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለባቄላው ይቀልባሉ፤ ባቄላው በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል። ሥሩና ገለባው መሬት ውስጥ ሲበሰብስ የተረፈው ለገብሱ ነው። ይህን ያየ ልጅ ማታ ቤት ገብቶ እርስዎን ማስረዳቱ አይቀርም። ይስሙት።

ፊደልና ቁጥሩም አይቀርም። ዘር ይቆጥራሉ፣ በገመድ ይለካሉ፣ እንጨት ላይ ስማቸውን ጽፈው መደባቸው ላይ ይተክላሉ። የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋመው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መደብ ይሰጥ ነበር። የሠራተኛ እጥረት ኖሮበት አልነበረም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ሄደው ለዘር የሚሆን ባቄላ እንዴት እንደሚመረጥ ለልጆቹ ያሳዩ። ልጅዎ አባቱን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያይ ምን እንደሚሰማው እርስዎ ይገምቱ።

«እኛ ሸዋ ሮቢት ነን። ውርጭ ብርቃችን ነው፤ ያለን ሙቀትና አንድ ቧንቧ ነው። ይቻላል?»

ይቻላል፣ ግን አሳንሱት። ከጣርማበር ወዲያ ስትወርዱ የደጋው ምክር አይሠራም። ለትንሽ ልጅ ርዝመቱ እንደፈቀደ ሆኖ፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ይበቃል፤ ከሁለቱም ወገን እጁ መሃል ይደርሳል፣ አፈሩን አይረግጥም። ላዩን ገለባ ጎዝጉዙበት፤ እርጥበቱ ቶሎ አይሄድም። ውሃ ጠዋት ወይም ወደ ማታ አጠጡ እንጂ በቀትር አትድከሙ። እጅ የታጠቡበትን ውሃ ለፓፓያና ለሽፈራው አድርጉት፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሆንም። ሽፈራው ቶሎ ስለሚያድግ ትዕግሥት ለሌለው ልጅ ጥሩ ነው። ማሾም ዘርታችሁ እዩ፤ በጥቂት ቀን ብቅ ይላል።

«የልጅ ልጄ ጎመን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ጓሮ ያስበላዋል ይላሉ። እውነት ነው?»

እማማ፣ ግማሹ እውነት ነው። ልጆች ራሳቸው ያበቀሉትን ለመቅመስ እንደሚደፍሩ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። መቅመስና መውደድ ግን ለየቅል ናቸው። አንዳንድ ልጅ አንድን አዲስ ምግብ አሥር ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ካልቀመሰው አይለምደውም። አንዴ ተፋው ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ አያስገድዱትም። ከካሮት ይጀምር፤ ነቅሎ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ሲገምጠው ይጣፍጠዋል። ጎመኑ ይደርሳል። (እኔ ቀይ ሥር እስከ ዛሬ አልለመድሁም፤ ለልጁ እንዳይነግሩብኝ።)

«የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አስተናግር በቅሏል። ያሰጋል?»

በጣም። አስተናግር ዘሩም ቅጠሉም መርዝ ነው፤ ሳያፈራ ከነሥሩ ይነቀል፤ የሚነቅለውም ትልቅ ሰው ይሁን። ጉሎም እንዲሁ ነው። ፍሬው ዥንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ይለቅሙታል፤ ስለዚህ ከሕፃናት ግቢ ይራቅ። ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፦ አስተማሪ ሳያይ ከጓሮው ምንም ነገር አፍ ውስጥ አይገባም። ከጓሮ ሲወጡም እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ወስፋት ከአፈር ነውና። ጥሬ ፍግም አትጠቀሙ፤ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይሁን።

«አምና ያመረትነውን ጥቅል ጎመን ኮሚቴው ሸጦ የቢሮ ወረቀት ገዛበት። ልጆቹ አንድ ቅጠል አልቀመሱም። ተገቢ ነው?»

አይደለም። ከችግኝ እስከ ቆረጣ ሦስት ወር ገደማ ውሃ ያጠጣ ልጅ ጎመኑን በልቶ ካላየ ምን ተማረ? ያቺ ጓሮ የቢሮ በጀት አትሞላም፤ የልጆቹን ሆድ ግን አንድ ቀን ትሞላለች። የመጀመሪያው ምርት እዚያው ይቀቀል፣ በእንጀራ ይቅረብላቸው። የተረፈውን በየቤታቸው ይውሰዱ። ከዚያም ከተረፈ ይሸጥ፤ ገንዘቡ ለመጪው ዓመት ዘር ይሁን። ይህን ሳትተክሉ በፊት በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ጎመን ከደረሰ በኋላ ክርክር አያዋጣም።

«ተማሪዬ 6 ዓመቷ ነው። ‹ትሉ ዓይን አለው? ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል?› ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት?»

የዘንድሮ ምርጥ ጥያቄ ነው። የመሬት ትል ዓይን የለውም፤ ብርሃንን ግን በቆዳው ይለያል፣ ለዚህ ነው ስትገልጡት የሚሸሸው። ሳንባም የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ እርጥበት ካጣ ይሞታል። የሚበላው የሞተ ቅጠልና አፈር ነው፤ ኩሱ ለጓሮው ማዳበሪያ ይሆናል። ለሁለት ከተቆረጠ ሁለት ትል አይሆንም። የጅራቱ ወገን ይሞታል፣ የራሱ ወገን አንዳንዴ ይተርፋል። ልጅቷ እንዳትሞክረው ግን መኮትኮቻውን ደብቂባት።