ማጣሪያውን ሳይሆን የአየሩን መንገድ ይመልከቱ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ የፋብሪካውን የአየር ማጣሪያ ሳጥን አስወጥቼ ክፍት የሆነ ሾጣጣ ማጣሪያ አስገጠምኩ። ድምፁ ደስ ይላል፤ መንገድ ሲጨናነቅ ግን መኪናዬ ከበፊቱ የባሰ ይደክማል። ማጣሪያው ጥራት የሌለው ይሆን?

መልስ፦ ማጣሪያውን አይውቀሱ፤ የተቀመጠበትን ቦታ ይመርምሩ። አብዛኞቹ የፋብሪካ ሳጥኖች አየር የሚስቡት ከፊት ፍርግርግ ጀርባ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው። ሳጥኑ ሲወጣ ይህ መንገድ ስለተቋረጠ፣ አዲሱ ማጣሪያ ራዲያተሩና የጭስ ማስወጫው ያጋሉትን አየር ይምጋል። ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አየር፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ሞተሩ ማቃጠል የሚችለው ነዳጅም ያንሳል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ትኩስ አየር ሞተሩን ለማንኳኳት (ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ከካንዴላው እሳት ውጭ በራሱ ለመቀጣጠል) ስለሚያጋልጠው፣ የሞተሩ ኮምፒውተር የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ ጉልበቱም በድጋሚ ይቀንሳል።

አንዳች ነገር ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። የምርመራ መሣሪያ ሰክተው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት ያንብቡና ከውጭው ሙቀት ጋር ያነጻጽሩ። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ቁጥሩ መውጣቱ አይቀርም፤ ፍርዱን የሚሰጡት ለጥቂት ደቂቃዎች በጥሩ ፍጥነት ከነዱ በኋላ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡ። 25 ወይም 30 ዲግሪ ከሆነ ግን ማጣሪያውን በሳጥን ያጥሩት፤ የሳጥኑን ጠርዝ በጎማ ከኮፈኑ ጋር ያጋጥሙት፤ ከፊት ፍርግርጉም ሰፊ ቱቦ ይሳቡለት። ብዙ ሰው ግድግዳውን አቁሞ ቱቦውን ይተወዋል። የውጭ አየር መግቢያ የሌለው ግድግዳ እምብዛም አይጠቅምም፤ ሞተሩ ያንኑ ትኩስ አየር በየክፍተቱ ይስባል። የፋብሪካው ሳጥን አሁንም እጅዎ ላይ ካለ መልሶ መግጠሙ ከሁሉ የተሻለ ሊሆን እንደሚችልም ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ማጣሪያውን ከፊት ባምፐሩ ሥር ዝቅ አድርጌ ብሰቅለው በጣም ቀዝቃዛ አየር አላገኝም?

መልስ፦ ያገኛሉ፤ ውኃም ሊያገኙ ይችላሉ፤ እኔ የምፈራው ይህን ነው። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። ወደ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑ ሽቅብ ሲወጣ የሚሄድበት ያጣና ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ይጣመማል፤ ሞተሩም በአንድ ቅጽበት ይበላሻል። ማጣሪያውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ከማጣሪያው በፊት ያለውን ቱቦ ዝቅተኛ ቦታ ውኃ እንዲወርድበት ይብሱት። ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ ሞተሩ ከጠፋብዎ፣ እባክዎ ደግመው አያስነሱት። መካኒክ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ሲሊንደሮቹን ይመርምር።

ጥያቄ፦ የአሉሚኒየሙን ቱቦ በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ልጠቅልለው?

መልስ፦ ነዳጅ በደንብ ሲሰጡ አየሩ ቱቦውን የሚያልፈው በቅጽበት ነው፤ ለመሞቅ ጊዜ የለውም። መጠቅለሉ አይጎዳም፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ የቱቦው አፍ ወደ ፊት ቢዞር ነፋሱ አየር በግድ አይጨምርልኝም?

መልስ፦ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ነፋሱ የሚጨምረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ግማሽ በመቶ አይሞላም። ቱቦው የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ አየር ስለሚያመጣ ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱን የአየር መሳቢያ ካስገጠምኩ በኋላ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በራ።

መልስ፦ መጀመሪያ ከማጣሪያው በኋላ የላላ ማሰሪያ ወይም ያልተጋጠመ ቱቦ እንዳለ ይፈትሹ። ቀጥሎ የአየር መጠን የሚለካውን ሴንሰር ያስታውሱ። ሴንሰሩ የተስተካከለው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ስለሆነ፣ ስፋቱ ከተለወጠ የተሳሳተ መጠን ይናገራል። ማጣሪያዎ ዘይት የሚቀባ ዓይነት ከሆነም ትርፉ ዘይት ሴንሰሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ይንፉት፤ በጣትም በጨርቅም አይንኩት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቱርቦ አለው። ይህ ሁሉ እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አዎን፤ ይሁን እንጂ ቱርቦው ራሱ አየሩን ሲያምቅ እጅግ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጡት ይህን የሞቀ አየር ለሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ለኢንተርኩለሩ ነው። ክንፎቹን ከጭቃና ከነፍሳት ያጽዱ፤ በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶችም ይድፈኑ፤ ያን ጊዜ ከፊት የሚመጣው ነፋስ በጎን ከማምለጥ ይልቅ በመሐሉ ያልፋል።