መብራት ሲጠፋ ሶላሬ ለምን አብሮ ጠፋ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚጠይቁት ከመብራት መስመር ጋር ተጣምሮ በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የሶላር ኃይል ነው። አራቱን መርጠን፣ ጥያቄዎቹን በማሳጠር፣ እንደሚከተለው መልስ ሰጥተናል።

ከደብረ ብርሃን፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከስምንት ወር በፊት በቤቴ ጣራ ላይ ሦስት ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ሶላር አስተክያለሁ። ሻጩ ‹ከእንግዲህ የመብራት ነገር አያሳስብዎ› ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የእኔም ማቀዝቀዣ አብሮ ቆመ። ተታልያለሁ ወይስ መሣሪያው ተበላሽቷል? ልጆቼ ባትሪ ጨምር ይሉኛል፤ ምን ላድርግ?»

የተከበሩ መምህር፣ መሣሪያዎ አልተበላሸም፤ እንዲያውም መሥራት ያለበትን ሥራ በትክክል ሠርቷል። የጎደለው፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚገዙ አስቀድሞ ሊነግርዎ የሚገባው ሰው ሳይነግርዎ መቅረቱ ነው።

ጣራዎ ላይ ያሉት ፓነሎች ከፀሐይ ብርሃን የሚያወጡት ዲሲ የሚባለውን ቀጥታ ጅረት ሲሆን፣ የቤትዎ ዕቃዎች ግን የሚሠሩት በ220 ቮልት፣ በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለሰው ተለዋዋጭ ጅረት ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው ኢንቨርተሩ ነው። እርስዎ ጋር የተተከለው ዓይነት ኢንቨርተር የራሱን ምት አይፈጥርም፤ በመስመሩ ሽቦ ላይ የሚመጣውን ምት እየተከተለ፣ ከእሱ ጋር እኩል እየወጣና እየወረደ ኃይሉን ይጨምርበታል። በዘፈን አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ እንደሚከተለው ማለት ነው፤ አውጪው ዝም ሲል ተቀባዩም ዝም ይላል።

ዝም እንዲል የተደረገው ደግሞ ለሰው ሕይወት ተብሎ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ምሰሶ ላይ ወጥቶ መስመር የሚጠግነው ሠራተኛ ሽቦው ኃይል እንደሌለው አምኖ ይነካዋል። በዚያ ሰዓት ከእርስዎ ጣራ ኃይል ወደ መስመሩ ቢገባ፣ በሰፈሩ ትራንስፎርመር በተቃራኒ አቅጣጫ አልፎ እስከ 15,000 ቮልት ሊያድግና ያንን ሰው ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ደረጃውን የጠበቀ ማንኛውም የመስመር ኢንቨርተር መስመሩ እንደሞተ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ያላቅቃል። ይህን መከላከያ «አልፌ አሠራልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ቢመጣ፣ እባክዎ ወደ ጣራዎ አያውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሶላር የሚያስተክል ሰው ሁሉ ከዋጋና ከፓነል ብዛት በፊት ለራሱ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ የምፈልገው የወር ሒሳቤ እንዲቀንስ ነው ወይስ መብራት ሲጠፋ ቤቴ እንዳይጨልም? ሁለቱ በሁለት ዓይነት መሣሪያ የሚገኙ ናቸው። ለመጀመሪያው ባትሪ የሌለው፣ እንደ እርስዎ ያለው ይበቃል። ለሁለተኛው ግን ሃይብሪድ የሚባለው፣ መስመሩ ሲሞት ቤቱን ከመስመሩ ቆርጦ የራሱን ምት ማውጣት የሚችል ኢንቨርተርና ባትሪ ያስፈልጋል።

እንደ እኔ አስተያየት ለአብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን በእርከን የተከፈለ ሲሆን፣ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ሲጨምር የየአንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ጥቂት የሚጠቀም ቤተሰብ ለሒሳብ ቅነሳ ብቻ ብሎ ሶላር ቢገዛ ገንዘቡ የሚመለሰው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ግን ሶላሩ የሚቀንስለት ከላይኛው፣ ውድ ከሆነው እርከን ስለሆነ በተሻለ ፍጥነት ያካክሳል። በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ትርፍ ከመቀበልዎ በፊት የስድስት ወር የካርድ ደረሰኝዎን ሰብስበው በየትኛው እርከን ላይ እንዳሉ ይመልከቱ።

የልጆችዎ ምክር ትክክል ነው፤ የባትሪው መጠን ግን በሒሳብ ይሁን። 120 ዋት የሚስብ ማቀዝቀዣ ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ በአማካይ 60 ዋት ነው፤ አምስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች 45 ዋት ናቸው፤ ቴሌቪዥን 80፣ የኢንተርኔት መሣሪያ 10 ዋት ቢሆኑ ጠቅላላው ወደ 200 ዋት ይጠጋል። መብራት ለስድስት ሰዓት ቢጠፋ የሚያስፈልገው 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በገበያ የሚገኘው ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ፣ ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ፣ 5.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ከዚያ 80 በመቶውን ቢጠቀሙ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያገኛሉ፤ ይህም ሌሊቱን ሙሉ ያሳድርዎታል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ግን በጽሑፍ 2.4 ቢልም፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መውሰድ ስለማይመከር የሚጠቅመው 1.2 ብቻ ነው። ዋጋ ሲያነጻጽሩ ይህንን ልዩነት ይያዙ።

ፓነሎችዎን መቀየር አያስፈልግም። ኢንቨርተሩን በሃይብሪድ መለወጥ፣ ወይም ያለውን ትተው በጎኑ የባትሪ ኢንቨርተር ማስጨመር ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ኤሌክትሪሻኑ መብራት ሲጠፋ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች ለይቶ በሌላ የብሬከር ሳጥን ላይ ማሰር አለበት፤ ይህ ሥራ ሳይሠራ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከጫጫ፦ «እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ሦስት ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ። ቆጣሪዬ የካርድ ነው። ስድስት ፓነል ባስተክል የተረፈው ኃይል ሲወጣ ቆጣሪው ወደ ኋላ እየቆጠረ ካርዴን ይሞላልኛል የሚል ሰው አለ። እውነት ነው? መብራት ሲጠፋስ መጋገር እችላለሁ?»

እኅታችን፣ ስለ ቆጣሪው የተነገረዎት ነገር ሊያከስርዎ ስለሚችል በጥንቃቄ ያንብቡልን። የድሮው ባለ ክብ ሰሌዳ ቆጣሪ ኃይል ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲቆጥሩ የተሠሩ ብዙ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ግን የሚገባውንና የሚወጣውን አይለዩም፤ ወደ መስመሩ የሰጡትንም ኃይል እንደ ፍጆታ ቆጥረው ከካርድዎ ይቀንሱታል። በሁለት አቅጣጫ የሚለይ ቆጣሪ በአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ተተክሎልዎ፣ የሚሰጡት ኃይል በምን ዋጋ እንደሚታሰብ የተጻፈ ውል በእጅዎ እስኪገባ ድረስ፣ ወደ መስመሩ የሚወጣውን ኃይል ዋጋ ዜሮ አድርገው ያስሉ። ኢንቨርተሩም ትርፍ ኃይል ወደ ውጭ እንዳያወጣ መስተካከል አለበት፤ ለዚህም በዋናው ሽቦ ላይ እንደ ቀለበት የሚታሰር፣ ጅረቱን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል። ይህ መሣሪያ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ።

እንዲህ ሲሆን ሶላሩ የሚጠቅምዎት ፀሐይ ባለችበት ሰዓት የተጠቀሙትን ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ በኩል የእርስዎ ሥራ ዕድለኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ስድስት ባለ 500 ዋት ፓነሎች በቀትር በጥሩ ቀን ከ2,300 ዋት ያላነሰ ቢሰጡ፣ የቀረውን 1,200 ዋት ኢንቨርተሩን ሳይነኩት መስመሩ ይሞላዋል። በጠዋት ጨለማ የሚጋግሩትን ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ወዳለው ጊዜ ማዛወር ከቻሉ፣ ባትሪ ሳይገዙ የካርድ ወጪዎ በሚታይ መጠን ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ መጋገር ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ምጣዱን ሲያገኘው ከአቅሙ በላይ ስለሚሆንበት ይዘጋል። ኢንቨርተሩ አምስት ኪሎ ዋት ቢሆን እንኳ፣ ብዙዎቹ 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪዎች በተከታታይ እንዲሰጡ የሚመከሩት 50 አምፔር፣ ማለትም 2,560 ዋት ያህል ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ካላገዘችው ምጣዱን አይችሉትም። ሁለት ባትሪ ገዝተው ቢያስችሉትም በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃሉ። ለጊዜው ምክራችን ባትሪውን ለብርሃንና ለማቀዝቀዣ ትተው፣ መብራት በጠፋባቸው ቀናት በተሻሻለ የማገዶ ምድጃ እንዲጋግሩ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ «እኔና ባለቤቴ ቤት እየሠራን ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው። ብርዱና ውርጩ ሶላሩን አይጎዳውም? ወደ የት ይዙር? ምን እንጠይቅ?»

ብርድ ለፓነል ጠላት አይደለም። ፓነል ሲሞቅ ይደክማል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየአንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.35 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የመንዝ ብርድና ጠንካራ ፀሐይ አንድ ላይ መሆናቸው ለእናንተ ጥሩ ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ይኸውም ብርድ የፓነሉን ቮልቴጅ ከፍ ያደርገዋል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 49.5 ቮልት የሆኑ አሥር ፓነሎች በተከታታይ ቢታሰሩ በወረቀት 495 ቮልት ናቸው፤ ኢንቨርተሩም «እስከ 500 ቮልት» ስለሚል ሻጩ በቃ ይላል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ሙቀቱ ዜሮ በሆነበት ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ግን የእነዚያው የተያያዙ ፓነሎች ድምር ወደ 528 ቮልት ይወጣና ኢንቨርተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ለአዲስ አበባ የተሰላ ሒሳብ ለመንዝ አይሆንም። ባለሙያው በአካባቢው እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ማለዳ አስልቶ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አድርጉ።

ከፍታውም መታሰብ አለበት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ዕቃን የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ ኃይላቸውን እንዲሰጡ የሚፈቀድላቸው እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰጡት ኃይል ይቀንሳል። በመመሪያው ላይ የተፈቀደውን ከፍታ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ከከፍታው የማይስማማ ከሆነ ዋስትናውም ሊቀርባችሁ ይችላል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲሆን መሞላት የለበትምና ከቤት ውጭ ባለ ግድግዳ ላይ አታስቀምጡት።

ስለ አቅጣጫው፣ ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። እውነት ነው፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ለእኛ ወደ ሰሜን ትላለች፤ ዳሩ ግን የዚያ ጊዜ አብዛኛው ክረምትና ደመና ነው። ሰማዩ የሚጠራው ፀሐይ ወደ ደቡብ በምታዘነብልባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ስለሆነ ለእነዚያ ማመቻቸት ይሻላል። ዝንባሌው ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብም ይረዳል።

ቤቱ ገና በመሠራት ላይ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። አንድ ባለ 550 ዋት ፓነል ከነማሰሪያው ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ከክብደቱ ይልቅ ግን የሚያስፈራው ነፋሱ ከሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ነው። ማሰሪያው በቆርቆሮው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ማገርና ወራጅ ላይ በብሎን መያዝ ስላለበት፣ ፓነል የሚያርፍበት በኩል ማገሩ እንዲጠነክርና ቦታው በወረቀት ላይ እንዲሰመር ለአናጢው ከወዲሁ ንገሩት። የመሬት ሽቦው ጥልቀት ባለው ርጥብ አፈር ውስጥ ይቀበር፤ ከመብረቅ የሚከላከለው መሣሪያም በፓነሉ በኩልና በመስመሩ በኩል በሁለቱም ይገጠም። ስለ በረዶ አትስጉ፤ የታወቀውን ዓለም አቀፍ ፈተና ያለፈ ፓነል 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ኳስ በሰከንድ 23 ሜትር ፍጥነት ተወርውሮበት የተፈተነ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ለስላሳ መጠጥ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሜ ከሚያገኘው ያነሰ ኃይል በተመሳሳይ ፓነል የማገኘው ለምንድን ነው?»

ወንድም፣ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። በቆላው ቀትር በቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ፓነል 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከ25 ዲግሪው በ40 ይበልጣልና ከኃይሉ 14 በመቶ ይወስድብዎታል። በደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ 40 ዲግሪ ላይ የሚውል ያው ፓነል የሚያጣው አምስት በመቶ ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱን በሙሉ ማጥፋት ባይቻልም፣ ፓነሎቹ ከቆርቆሮው በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው አየር ከሥራቸው እንዲያልፍ ቢደረግ ይሻላል። ኢንቨርተሩ ከማቀዝቀዣዎቹ ጀርባ፣ በሱቁ ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ ከሆነ የተሰቀለው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደማያገኘውና ነፋስ ወደሚያልፍበት ግድግዳ ያዛውሩት፤ ኢንቨርተርም ሲግል ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል። አዲስ ፓነል ከመጨመርዎ በፊት ይህንን አድርገው የአንድ ሳምንት ውጤቱን ከኢንቨርተሩ ሰሌዳ ላይ ይመዝግቡና ይላኩልን።