የእናትሽ ጉልበት ይታሻል፣ ግን በቀስታ

«የ74 ዓመት እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ማታ ማታ ባሽላቸው እጎዳቸዋለሁ?» ላልሽው፦ በቀስታ ከሆነ አትጎጃቸውም። የተበላ መገጣጠሚያን አያድንም፤ ሕመሙንና ግትር ማለቱን ግን ለጊዜው ያቀልላል።

መጀመሪያ ለብ ባለ ፎጣ 10 ደቂቃ ያህል ሸፍኚው። ከዚያ መዳፍሽን ዘይት ቀብተሽ ከጉልበት በላይ ያለውን የጭን ጡንቻ አሻሺ። የጉልበቱን ሎሚ አትጫኚው። በዚህ ዕድሜ ቆዳ ስስ ነው፣ ቶሎ ይበልዛል። እናቶቻችን ደግሞ «አመመኝ» አይሉም፤ ፊታቸውን እያየሽ።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ባቱ ካመመ ግን እንዳትነኪው። አክስቴ እንዲህ ሆነው ወጌሻ ልንጠራ ስንል ጎረቤታችን ነርሷ ከለከለችን። የረጋ ደም ነበር። ቢታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።