ጽዱ ላይ የወጣው ነጭ ጥጥ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዝግጅት ክፍሎች። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የግቢዬ አጥር የፈረንጅ ጽድ ነው። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ቅርንጫፎቹ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁ። ስነካው ያጣብቃል፣ ጉንዳን ይመላለስበታል፣ ከሥሩ ያለው ቅጠልም ጥላሸት የተቀባ መስሏል። ጎረቤቴ ሻጋታ ነው ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ግን ሚሊባግ የሚባል ተባይ ነው ብሎ ድርቅ አለ። መድኃኒት ላስረጭ? ሎሚዬስ ላይ አይዘምትም?

መልስ፦ ልጅዎ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤትዎም ግን ጨርሶ አልሳቱም፤ ጥቁሩ ነገር በእርግጥም ሻጋታ ነው። ነጩ ግን ሰም ነው። በስንጥር ገለጥ ያድርጉት። ከሥሩ ሞላላ፣ ለስላሳ፣ ቀስ የሚል ነፍሳት ወይም ደቃቅ እንቁላል ካለ ሚሊባግ ነው። ይህ ተባይ የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣል። ፈሳሹ ስኳር የበዛበት ስለሆነ ትርፉን መልሶ ያንጠባጥበዋል፤ ያጣበቀዎት እሱ ነው፣ ሻጋታው የሚያድገው በእሱ ላይ ነው፣ ጉንዳኑም የሚመጣው እሱን ሊልስ ነው።

ትግራይ ውስጥ በለሱን የፈጀው ኮቺኒል የሩቅ ዘመዱ ነው። የሚሊባግ ቤተሰብ ስዩዶኮክሲዴ ይባላል፣ 2,000 ገደማ ዝርያዎች አሉት። ከነዚህ ውስጥ ፕላኖኮከስ ቮቬ የሚኖረው በጽድና በጽድ ዘመዶች ላይ ነው፤ ኢራን ውስጥ የከተማ ጽዶችን ያስቸግራል። ፑቶ የሚባሉት ደግሞ ድሮ እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ይቆጠሩ ነበር፣ አሁን ለብቻቸው ወጥተዋል። አሜሪካ፣ ዩታ ተራሮች ላይ ያለው ፑቶ ሳንዲኒ ከእንቁላል እስከ እናትነት 4 ዓመት ይፈጅበታል። ያቺን ለምታክል ነፍሳት!

የእርስዎ የትኛው ነው? በዓይንም በፎቶም አይለይም። ባለሙያ ያደገችውን ሴት ሚሊባግ ቀለም ነክሮ መስታወት ላይ ካዘጋጀ በኋላ፣ ሰም የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል። የፕላኖኮከስ ወገን ለምሳሌ ዙሪያውን 18 ጥንድ የሰም ማውጫዎች አሉት።

የሚደንቀኝ ኑሯቸው ነው። ሴቷ ክንፍ አታወጣም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጫጩት መስላ ትኖራለች። ወንዱ ግን ሰም ውስጥ ተጠቅልሎ ይለወጥና ሁለት ክንፍ አውጥቶ ይበራል፣ የሚበላበት አፍ ግን የለውም፣ ስለዚህ በጥቂት ቀን ይሞታል። ከአባቱ የወረሰውንም ዘር ሥራ አስቁሞ ያስቀምጠዋል፤ ለልጆቹ የሚያስተላልፈው የእናቱን ብቻ ነው። (አባትነት እንዲህ ከሆነ ምን ይባላል?) በሎሚው ሚሊባግ ሰውነት ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ አለ፣ በባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ ይኖራል። ሁለቱ ተጋግዘው ከዛፉ ፈሳሽ የጎደለውን ምግብ ይሠሩለታል።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። እኔ አይቸኩሉ ባይ ነኝ። ሰሙ ርጭቱን ይመልሰዋል፣ እንቁላሉም ጥጡ ውስጥ ተሸሽጓል። ርጭት በደንብ የሚያገኘው ገና የተፈለፈሉትንና ሰም ያልለበሱትን ነው። ትልልቆቹ ተርፈው፣ እነሱን የሚበሉት ጢንዚዛዎች ቢያልቁ ምን ተጠቀሙ? ክፉኛ የተያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያቃጥሉ፣ ሌላውን በጎማ ውኃ በኃይል ይምቱት፣ ቀጠን ባለ የሳሙና ውኃም ይጠቡት። ጉንዳኑን ከግንዱ ያርቁ፤ ጉንዳን ካለ ጢንዚዛው አይጠጋም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የአንዳንዶቹ ጢንዚዛዎች እጭ ራሱ ነጭ ሰም ለብሶ ሚሊባግ ይመስላል። በ1891 ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደው ዝነኛው ጢንዚዛ እንዲህ ነው። ነጭ ሆኖ ፈጠን ፈጠን የሚል ካዩ አይግደሉት።

ጥጡ ሳይኖር ዛፉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀላ የሚደርቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጽድ ክሽክሽ (አፊድ) የሚባል ሌላ ተባይ ሊሆን ይችላል። ማላዊ ላይ በ1986፣ ኬንያ ላይ በ1990 ታይቶ ብዙ ጽድ አድርቋል። ቡናማ ነው፣ ከሚሊባግ ይልቅ እግሩ ረዘም ይላል። ያኔ ቅርንጫፍ ይዘው ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

ሎሚዎን በተመለከተ፣ ቮቬ ከሆነ ከጽድ ወገን አይርቅም። ሲትሪ የሚባለው የሎሚው ሚሊባግ ግን ያገኘውን ተክል ሁሉ ይሞክራል። የሎሚውን ቅጠል ገልብጠው፣ ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚገናኝበትንም ቦታ ይዩት፤ ንጹሕ ከሆነ ለአሁኑ ይተዉት።