«እኔም ደሃ ነበርኩ፤ የሰው ንብረት ግን አልነካሁም»፦ ወንድማቸው ለታሰረባቸው እህት የተሰጠ ምላሽ

ስሜ ይቆየኝ ያሉ የ32 ዓመት እናት ከአዲስ አበባ የሚከተለውን ጽፈዋል።

«ወንድሜን በ13 ዓመቱ ከደቡብ ጎንደር ገጠር ወደ አዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባታችን ሞቶ ነበር። ያኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ስለነበር ከእኔ ጋር ሊያድር አልቻለም፤ ከአገራችን ልጆች ጋር ደባል ሆኖ ኖረ። ትምህርቱን ከ7ኛ ክፍል አቋርጦ ሊስትሮ ሠራ፣ መርካቶ ሸክም ተሸከመ፣ ኋላም የታክሲ ረዳት ሆነ። ባለፈው ዓመት በ23 ዓመቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሌሊት አንድ መንገደኛ ደብድበው ስልኩንና ገንዘቡን ወሰዱ፤ በውንብድና ተከሶ 4 ዓመት ተፈረደበት። እሑድ እሑድ ስንቅ ይዤ ስሄድ ባለቤቴ ይቆጣል። እሱም በልጅነቱ ከገጠር መጥቶ አጎቱ ዘንድ ያደገ፣ ጋራዥ ገብቶ ሙያ የለመደ ሰው ነው። ‹እኔም ደሃ ነበርኩ፤ የሰው ንብረት ግን አልነካሁም› ሲለኝ መልስ የለኝም። እናቴ ደግሞ በስልክ ‹ልጄን ወስደሽ አጠፋሽብኝ› ትለኛለች። የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቼን ‹አጎታችሁ ዓረብ አገር ሄዷል› ብያቸዋለሁ። ጥፋቱ የማን ነው? የድህነት ነው፣ የእሱ ነው ወይስ የእኔ? መጠየቄንስ ልተው?»

የተከበሩ እህታችን፤

ባለቤትዎ የተናገሩት ነገር እውነትነት አለው፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ። በከተማችን ሠርቶ የማይጠግብ፣ አንዳንድ ቀን ጾሙን የሚያድር፣ ሆኖም እጁን ወደ ሰው ኪስ የማይሰድ ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ድህነት ብቻውን ሰውን ወደ ውንብድና ይወስዳል ብንል እነዚህን ሰዎች ሁሉ በሐሰት መክሰስ ይሆንብናል። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ የባለቤትዎ ልጅነትና የወንድምዎ ልጅነት በገንዘብ ካልሆነ በቀር በምንም እንደማይመሳሰሉ አያለሁ። ባለቤትዎ ከገጠር ሲመጡ የሚገቡበት የአጎት ቤት ነበራቸው፤ ሲያመሹ «የት ነበርክ?» ብሎ የሚቆጣ አዋቂ ነበራቸው፤ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ሙያ የሚያስተምራቸው፣ ሲያጠፉ የሚገሥጻቸውና ጠዋት ካልመጡ የሚፈልጋቸው ሰው ነበረ። ወንድምዎ በ13 ዓመቱ ያገኘው ከእሱ ጥቂት ዓመት የሚበልጡ፣ እነሱም ራሳቸው ጠባቂ የሚያስፈልጋቸው ልጆችን ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ ጥናት አለ። ሼልደን ግሉክና ኤሊኖር ግሉክ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ በጥፋት ምክንያት በማረሚያ ተቋም የቆዩ 500 ወንዶች ልጆችንና በተመሳሳይ ድሃ ሰፈሮች አድገው ጥፋት ውስጥ ያልገቡ ሌሎች 500 ልጆችን ለዓመታት አነጻጽረው በ1950 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሮበርት ሳምፕሰንና ጆን ላውብ እነዚያኑ መዝገቦች እንደገና ሲመረምሩ፣ የኑሮ ችግር ልጆቹን ወደ ጥፋት የገፋቸው በአብዛኛው በቤት ውስጥ ባስከተለው ነገር መሆኑን አገኙ፤ ይኸውም ልጁን የሚከታተል ሰው ማነስ፣ አንድ ቀን መደብደብ ሌላ ቀን መርሳት የሚበዛበት አስተዳደግ፣ ከወላጅና ከትምህርት ቤት ጋር ያለው ትስስር መላላት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያጽናናኝ ግን ሁለተኛው ግኝታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው ክፉኛ ካጠፉት መካከል ብዙዎቹ ቋሚ ሥራ ሲያገኙና የሰመረ ትዳር ሲመሠርቱ ከወንጀል ወጥተዋል። ቦስተን መርካቶ አይደለችም፤ ሆኖም በምክር ሥራዬ ከማረሚያ ቤት ከወጡ ወጣቶችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ስነጋገር ይህንኑ መልክ ደጋግሜ አያለሁ።

እስቲ ወንድምዎ ከመታሰሩ በፊት የኖረባቸውን ዓመታት አብረን እንያቸው። የቀን ሥራ የዕለት ገንዘብ ያስገኛል፤ በዕለቱም ለምግብና ለማደሪያ ያልቃል። ከትውልድ ቦታው መሸኛ ሳይዝ በልጅነቱ የመጣና በደባልነት የሚኖር ወጣት፣ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት በቤቱ የሚያስመዘግበው ሰው ያስፈልገዋል፤ መታወቂያው ከሌለ ደግሞ መደበኛ ቅጥር ማግኘት ቀርቶ የባንክ ደብተር ማውጣትም ይቸግረዋል። ጥበቃ፣ ሾፌርነት፣ የዕቃ ቤት ሥራ ወይም ገንዘብ ያዥነት ልቀጠር ቢል ተያዥ አምጣ ይባላል፤ ተያዥ የሚሆነው ደግሞ ደመወዝ ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው። ዕቁብም ቢሆን የሚያስገባው በሚያውቀውና በሚያምነው ሰው በኩል ነው። ገንዘብ ማጣት ሰው ከማጣት ጋር ሲገናኝ እንግዲህ በሮቹ አንዱ ሌላውን ተከትለው ይዘጋሉ።

በዚህ ላይ የልብ ጉዳይ አለ። ሥራ ባልተገኘበት ቀን ምሳ የሚጋብዝ፣ ሲታመም መድኃኒት የሚገዛ፣ ማደሪያ ሲያጣ ፍራሹን የሚያካፍል ጓደኛ ለእንዲህ ያለ ወጣት ቤተሰቡ ማለት ነው። እነዚያው ጓደኞች አንድ ሌሊት «እንሂድ» ሲሉት እምቢ ማለት ብቸኛ ሰዎቹን ማጣት መስሎ ይታየዋል። የዛሬው ማደሪያና የዛሬው እራት አእምሮውን ስለሚይዘው የነገው መዘዝ ሩቅ ይሆንበታል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ስሜትን የመግታትና የሩቁን የማየት ችሎታ ገና እየጠነከረ ያለ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሊሠራበት የሚገባውን ቦታ ለማሳየት ነው፤ ወንድምዎ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ የሚመለሰው ወደዚያው ፍራሽ፣ ወደዚያው ጓደኛና ወደዚያው ተያዥ ወደማይገኝበት ኑሮ ከሆነ፣ ማረሚያ ቤቱ ብቻውን ሊለውጠው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።

ጥፋቱ ግን የእሱ ነው። የተደበደበው ሰው ምናልባት እንደ እሱ ውሎውን ሲለፋ የዋለ፣ ቤቱም የሚጠብቁት ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ እሱን ረስተን ስለ ወንድምዎ ችግር ብቻ ብናወራ ትልቅ በደል እንፈጽማለን። ሕጋችንም ሁለቱን አንድ ላይ ይዟል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ቅጣት ሲወሰን የጥፋተኛው ያለፈ ሕይወት፣ የድርጊቱ መነሻ፣ የግል ኑሮውና የትምህርት ደረጃው ከጥፋቱ ክብደት ጋር እንዲመዘኑ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 82 ደግሞ በከባድ የኑሮ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ መሆንን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ይቆጥረዋል። ቅጣቱ ሊቀል ይችላል፤ ሰውየው ግን በድርጊቱ ይጠየቃል። ለባለቤትዎ የሚሰጡት መልስም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፦ «ልክ ነህ፣ አጥፍቷል፤ አንተን ያተረፉህ ሰዎች ግን እሱ አልነበሩትም፤ አሁን ከወጣ በኋላ እንዲኖሩት እፈልጋለሁ።» ይህን በተቆጡበት ሰዓት ሳይሆን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቀስ ብለው ይንገሯቸው፤ አስቀድመውም ስለ አጎታቸውና ስለ ጋራዡ ጌታቸው እንዲያጫውቱዎት ይጠይቋቸው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ወንድምዎን ሲያመጡት እርስዎ የ21 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ለሌሊት ማደሪያ እንኳ የራስዎ ክፍል አልነበረዎትም። አባት ከሞተበት ቤት አንድ ልጅ አውጥተው ያስተምራል ብለው ወዳሰቡት ከተማ አመጡት። ሊሰጡት የማይችሉትን አሳዳጊነት ባለመስጠትዎ ራስዎን ወንጀለኛ ማድረግ የለብዎትም፤ የጎደለ ነገር እንደነበረ ማወቅና ጥፋተኛ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናትዎ ሩቅ ሆነው፣ ልጃቸውን በዓይናቸው ሳያዩ ስለሚያዝኑ ኀዘናቸው በቅርብ በሚያገኙት ሰው ላይ ያርፋል። ከእርሳቸው ጋር አይከራከሩ፤ በየሳምንቱ «ሄጄ አየሁት፣ እንዲህ አለኝ፣ ጤናው እንዲህ ነው» ብለው ዝርዝሩን ይንገሯቸው። የመውቀሱ ነገር በአንድ ጊዜ ባይቆምም ወሬ ሲያገኙ ጭንቀታቸው ይቀላል።

ለልጆችዎ የነገሩትን ታሪክ ግን ያርሙት። የ9 ዓመት ልጅ ከጎረቤት ወይም ከትምህርት ቤት መስማቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የአጎቱን መታሰር ብቻ ሳይሆን የእናቱን ቃል መጠራጠርም ይማራል። ረዥም ንግግር አያስፈልግም፦ «አጎታችሁ ሰው ጎድቶ የሰው ዕቃ ወሰደ፤ ይህ ጥፋት ነው። ስለዚህ ማረሚያ ቤት ነው ያለው፤ ጊዜውን ሲጨርስ ይወጣል። እኛ እንወደዋለን። እውነቱን ቀድሜ ስላልነገርኳችሁ ይቅርታ።» ከዚያ የሚጠይቁትን ያህል ብቻ ይመልሱ።

መጠየቅዎን አይተዉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት ታሳሪ በቅርብ ዘመዶቹ የመጎብኘት መብት አለው፤ ለወንድምዎ ደግሞ እርስዎ በዚህ ከተማ የቀሩለት ብቸኛ የቅርብ ሰው ነዎት። የስንቁ ወጪ ግን ቤትዎን እንዳይጎዳ በወር ስንት እንደሚሆን ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ፤ አንዳንዱ ቁጣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ሲጎበኙት ጊዜውን ሁሉ በለቅሶ አይጨርሱት። ማረሚያ ቤቱ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና የሚሰጥ ከሆነ ከ7ኛ ክፍል ያቋረጠውን እንዲቀጥል ወይም ሙያ እንዲይዝ ይገፋፉት። ሕጉ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለፈጸመ፣ ጠባዩን ላሳመረና የቻለውን ያህል ለተበዳዩ ለካሰ ሰው በአመክሮ የመፈታት ዕድል ይሰጣል፤ ለ4 ዓመት ፍርድ ይህ 2 ዓመት ከ8 ወር መሆኑ ነው። ስለ ካሳውና ስለ ይቅርታው ከተበዳዩ ጋር የሚነጋገሩ የተከበሩ ሽማግሌዎችን ከአሁኑ ያስቡ፤ ሰውየው ፈቃደኛ ካልሆኑ ግን አይጫኗቸው።

ባለቤትዎን ዛሬ ተያዥ ሁኑለት ብለው እንዳይጠይቋቸው እመክራለሁ፤ እምነት ገና አልተሠራም። ከዚያ ያነሰ ነገር ይጠይቋቸው፦ አንድ እሑድ አብረውዎት ሄደው ስለ ጋራዥ ሥራ እንዲያነጋግሩት። እምቢ ቢሉም ስለ አንድ ጉዳይ ግን ሁለታችሁ ከመፈታቱ ብዙ ወራት በፊት ተስማሙ፤ ከበሩ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የት እንደሚያድር፣ በእናንተ ቤት ከሆነ በምን ደንብና እስከ መቼ፣ በእናንተ ቤት ካልሆነ ደግሞ ከየትኛው ዘመድ ዘንድ እንደሚሆን።